ጎንበስ ሳይሉ ውሻን ፎቶ ማንሳት

የአዲስ አበባ ዳርቻ ውሾች አንድ ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሰው ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከብት የሚከተለው ውሻም፣ ቱሉ ዲምቱ የአሸዋ ክምር ላይ የሚተኛውም፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የሚውለውም በዚህ አንድ ናቸው። ገና ወገባችሁን ስታጥፉ አንዱ ጅራቱን ወትፎ ይፈረጥጣል፣ ሌላው ጥርሱን ያሳያል። ድንጋይ ያልቀመሰ ውሻ እዚህ አካባቢ የለም ማለት ይቻላል።

የውሻ ፎቶ ደግሞ ዝቅ ሳይሉ አይሆንም። ቆማችሁ ከላይ ወደ ታች ካነሳችሁት የምታገኙት ጀርባና ጆሮ ነው። ፊቱ የሚወጣው ሌንሱ ከዓይኑ ጋር ሲስተካከል ነው። ዝቅ ካላችሁ ይሸሻል፣ ካላላችሁ ፎቶው አይሆንም። እኔ ከዚህ ጣጣ የወጣሁት በመኪና ነው። የኋላ ወንበሮቹን ፈትቼ ፍራሽ ባነጠፍኩበት ሚኒባስ እዞራለሁ። ያደርኩበት ቦታ ላይ ጎህ ሲቀድ ተንሸራታቹን በር ከፍቼ፣ ፍራሹ ላይ በደረቴ ተኝቼ አነሳለሁ። የሚኒባስ ወለል ከመካከለኛ ውሻ ዓይን ብዙም አይርቅም። ጎንበስ ያለ ሰውም አይታይም። ውሻው የሚያየው የቆመ መኪናና የተከፈተ በር ብቻ ነው።

ፎቶዎቹን ያዩ ሰዎች "እንዴት ይህን ያህል ቀረብከው?" ይሉኛል። መልሱ አልቀረብኩትም ነው። እሱ ነው የቀረበኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ውሻ የምትወዱ፣ ካሜራ ወይም ደህና ስልክ ያላችሁ ሁሉ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ውጭ አገር ለማደሪያ የተሠራ መኪና አለ። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ ውስጡ ነው። ሰዎች ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ ይዘው እየተጓዙ፣ ደስ ያላቸው አፋፍ ላይ ያድሩበታል። እኛ ጋ ባሕርም የለ፣ እንዲህ ያለ መኪናም እንደ ልብ አይገኝም። ዶልፊን ሚኒባስ ግን ሞልቷል። የራሳችሁ ባይሆን እንኳ ከነሹፌሩ መከራየት ይቻላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ ፔርሙስ። ስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ከሆነ ምድጃ አያስፈልግም። እኔ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ከምተኛበት ጀርባ ጥቁር መጋረጃ ዘርግቻለሁ። የመኪናው ውስጥ ሲጨልም እኔ አልታይም፤ እጄ ሲንቀሳቀስ ውሻው አይደነግጥም።

ስለ ብርዱ ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ያኔ ሰው ከሰል አቀጣጥሎ መኪና ውስጥ ማስገባት ያምረዋል። በፍጹም እንዳታደርጉት! ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። እንቅልፍ እንደወሰዳችሁ ሳትነቁ ይገድላል። ሞተር አስነስቶ ለሙቀት ብሎ መተኛትም ያው ነው። ቡታጋዝ ካላችሁ ውጭ አውጥታችሁ ለኩሱ። ሙቀት ከብርድ ልብስ ይምጣ። መስኮቱን በሁለት በኩል ጣት በሚያስገባ ክፍተት ክፈቱት፤ አየር ይገባል፣ ጠዋት መስታወቱም ሌንሱም በላብ አይሸፈንም። የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ጃኬታችሁ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ።

የማድሪያውን ነገር በቀላሉ አትዩት። እኔ ሜዳ ላይ ብቻዬን አላድርም። የማድረው ጥበቃ ባለበት ግቢ ነው፤ የሎጅ ግቢ፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የማውቀው ሰው ያስተዋወቀኝ ገበሬ ደጅ። ከመነሳቴ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውዬ "መንገዱ ሰላም ነው?" እላለሁ። የሚያመነታ ድምፅ ከሰማሁ እቀራለሁ፤ ውሻው ሌላ ቀንም አለ። ሳይመሽ መድረስ ደግሞ ግዴታ ነው። የግቢውን ሰዎች በብርሃን ስታገኟቸው እናንተም ትታወቃላችሁ፣ ውሾቹም ሽታችሁን ይለምዳሉ። በሱሉልታም በሰንዳፋም ገበሬው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። "አካም ጅርቱ" ብሎ የገባ ሰውና ካሜራ ደቅኖ የገባ ሰው አንድ ዓይነት አቀባበል አያገኙም።

ሌሊት ጅብ ይመጣል። መኪና ውስጥ ላለ ሰው አያሰጋም፤ ግን ምግብ ውጭ አትተዉ፣ ለሽንት ስትወጡም ባትሪ ያዙ። የውሾቹን ድምፅ ካዳመጣችሁ መምጣቱን ታውቃላችሁ። ለመንገደኛ የሚጮኹት እየተቆራረጠ ነው፤ ለጅብ ሲሆን ሳያቋርጡ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ወደ ቤቱ እየተጠጉ ይጮኻሉ። አንዳንዶቹ መኪናው ሥር ይገባሉ። ሞተሩ ገና ስላልበረደ እዚያው ተኝተው ያድራሉ። ስለዚህ ጠዋት ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ሥሩን እዩ። እኔ በእጄ የመኪናውን ጎን ደግሜ ደጋግሜ ሳልመታ አላስነሳም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ባለቤቱ። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይባላል። ዳርቻው ላይ የምታዩት ውሻ አብዛኛው ባለቤት የሌለው ቢመስልም የሚጮህለት ሰው አለው። የጥበቃው ነው፣ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ነው፣ የሠፈሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ውሻ።

በሰንዳፋ መንገድ አንድ ግንባታ ላይ የሚጠብቁ አባት አሉ። ረጅም ካፖርት ለብሰው፣ ዱላቸውን ብሎኬት ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። ውሻቸው መቻል ይባላል፤ ዳማ ነው፣ ሁለቱም ጆሮው ከሥሩ ተቆርጧል።

"አባባ፣ እንደምን አደሩ? ውሻዎን ፎቶ ባነሳው ቅር ይልዎታል?" አልኳቸው።

"ለምንህ ነው?"

ስልኬን አውጥቼ ቀደም ሲል ያነሳኋቸውን አሳየኋቸው። አንድ በአንድ አዩ። አንዱ ላይ ቆሙና "ይሄ የማን ነው? ያምራል" አሉ። ከዚያ ወደ ውሻው ዞሩ። እኔ መሄድ ስጀምር ግን በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ልጄ፣ አትሂድበት። እዚያው መኪናህ ላይ ተቀመጥ። ዝም በለው፣ እሱ ራሱ ይመጣል።"

በሩን ከፍቼ ተኛሁ። መቻል መጀመሪያ በሩቁ ዞረን። ከዚያ ጎማውን አሸተተ፣ ሸናበት። ቀጥሎ በሩ ፊት መጥቶ ቆመ። አፍንጫው ላይ የሲሚንቶ አቧራ አለ። አየሩን ሲስብ የአፍንጫው ቀዳዳ ሲሰፋና ሲጠብ በሌንሱ ውስጥ አየዋለሁ። የግራ ዓይኑ ውስጥ የመኪናው በር፣ በበሩም ውስጥ ጥቁር ነጥብ ሆኜ እኔ አለሁ። እኒህ አባት ያሉኝን ከዚያ ወዲህ ቃል በቃል እከተላለሁ። ከየትኛውም የፎቶ ትምህርት ይልቅ ያ ምክር ጠቅሞኛል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሰው ውሻ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትመግቡ። ሌባ ቤት ከመግባቱ በፊት ለውሻ መርዝ ያለበት ሥጋ ይጥላል፤ ይህን የማያውቅ ጥበቃ የለም። ከመኪና ወርዶ ለውሻቸው ሥጋ የሚጥል እንግዳ ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ አስቡት። ውሾቹም በምግብ ይጣላሉ። ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ምግቡን ራሳቸው ይስጡት፤ እናንተ ዳቦውን ለባለቤቱ ስጡ።

ልጆችም ይሰበሰባሉ። ሊረዷችሁ ይፈልጋሉ። "እንዲሮጥልህ በድንጋይ ልበለው?" የሚል አይጠፋም። ተቆጥቶ ማባረር ጥሩ አይደለም። ሥራ ስጧቸው። እኔ በመኪናው ጎን በኩል አስቀምጣቸውና "እኔ ስላችሁ ስሙን ጥሩት" እላለሁ። "ቡቺ!" ሲሉ ውሻው ጆሮውን ቀስሮ ይዞራል፤ ያቺ ቅጽበት ናት የምትፈለገው። ከዚያ ፎቶውን አሳያቸዋለሁ። ስሙን ጠርተው ያስነሱትን ውሻ በድንጋይ ሲመቱ አላየሁም።

ውሻው ምቾት እንደሌለው የሚያሳዩ ምልክቶችን እወቁ። ሰውነቱ ደርቆ፣ አፉ ተዘግቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ካያችሁ ተዉት። ሳይርበው ከንፈሩን ደጋግሞ መላስ፣ ሳያንቀላፋ ማዛጋት፣ የዓይኑ ነጭ በጎን መታየት የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። ጅራት መወዛወዙ ብቻውን ወዳጅነት አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ጅራት ማስጠንቀቂያ ነው። እንደ መቻል ጆሮው የተቆረጠ ከሆነ ከጆሮው የምታነቡት ብዙ የለም፤ ጅራቱንና አፉን ተከታተሉ። ሌንስም ለውሻ ትልቅ ዓይን ነው፤ ያፈጠጠበት ይመስለዋል። እኔ ጥቂት ካነሳሁ በኋላ ካሜራውን አወርድና ወደ ሌላ ቦታ አያለሁ። ቡችሎች ያሏት እናት ከሆነች በሩን ዘግቼ በሩቁ በመስኮት ነው፣ እሱም ከፈቀደች። ድንገት ቢመጣባችሁ አትሩጡ። ፊት ለፊት አታፍጡ፣ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ መኪናው ተመለሱ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ታክሎበትም ንክሻ ሊያጋጥም ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻ በኋላ በወቅቱ ከታከሙ ግን ይከላከሉታል። ከተነከሳችሁ ወይም ከተቧጨራችሁ እዚያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ጀሪካኑና ሳሙናው ለዚህም ጭምር ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። "ውሻው ጤነኛ ነው" ቢሏችሁም፣ "ባህላዊ መድኃኒት አለ" ቢሏችሁም ሂዱ። በሽታው ሰውነት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚደበቅ፣ ደህና ነኝ ብሎ መቀመጥ ማስተማመኛ አይሆንም። ክትባቱ ሁሉም ጤና ጣቢያ ስለማይገኝ ከመውጣቴ በፊት የት እንዳለ በስልክ አጣራለሁ። እንደኔ አዘውትራችሁ ውሻ የምትቀርቡ ከሆነ ከመነከሳችሁ በፊት የሚሰጠውን ክትባት ሐኪም ጠይቁ።

ለባለቤቶቹም ስለ ውሻ ክትባት አወራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቆማል። ውሾችን መግደል አያቆመውም። የውሻውን ፎቶ አሳጥቤ ስሰጥ ወሬው በቀላሉ ይነሳል። ፎቶውን በእጁ ይዞ እያየ ያለ ሰው ስለዚያ ውሻ ጤና መስማት ይፈልጋል።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ አንዴ ከወጣች ሽቅብ ነው የምትሄደው። ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። ከከተማ ተነስቶ በጠዋቱ ልድረስ ያለ ሰው መንገድ ላይ ያልፈዋል። መኪና ውስጥ ማደር ያዋጣል የምለው ለዚህም ነው። ውሾቹም ያኔ ነው የሚነቁት። ሌሊቱን ሲጠብቁ አድረው፣ ጥቂት ዞረው፣ ፀሐይ ስትበረታ ይተኛሉ። እኩለ ቀን ላይ ማንሳት አልመክርም። በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀጥታ ከአናት ስለምትሆን የውሻው ዓይን በግንባሩ ጥላ ይሸፈናል። ያኔ ተኙ፤ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ እንደገና ተነሱ።

ካሜራ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ለተቀመጠ ውሻ 1/250 ሰከንድ ይበቃል፣ ለሚሮጥ 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ። ትኩረቱ ሁልጊዜ ወደ እናንተ የቀረበው ዓይን ላይ ይሁን። አፍንጫው ላይ ካረፈ ፎቶው ሞተ። ጥቁር ውሻ ካሜራውን ያታልላል፤ ካሜራው ጨለማ መስሎት ያበራዋል፣ ጥቁሩ አመድ ይሆናል። ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ቀንሱ። ለነጭ ውሻ ደግሞ ጨምሩ። በስልክም ቢሆን ዓይኑ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን በጣት ማውረድ ይቻላል። ፍላሽ አትጠቀሙ። ውሻውን ያስደነግጣል፣ ዓይኑንም አረንጓዴ ያደርገዋል።

ስለ ቦታዎቹ። እንጦጦ ላይ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ጠዋት ብርሃኑን እየሰነጠቀ ያሳልፋል፤ እንጨት ለቃሚ እናቶችን ተከትለው የሚወጡ ውሾች አሉ። ሴቶቹ ከባድ ሸክም ስለተሸከሙ አታስቁሟቸው፤ ቁጭ ብለው ሲያርፉ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከደጀ ሰላሙ ራቁ፤ ውሻ ወደ ቅጥሩ እንዲገባ አይፈለግምና ውሻ እየጠሩ እዚያ መቆም ሰውን ያስቀይማል። ሌንሳችሁን ወደ ማማዎች፣ ወደ ወታደር ካምፕ ወይም እንደ ገፈርሳና ለገዳዲ ወዳሉት የውሃ ግድቦች አታዙሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ጨርሶ አይታሰብም። ሱሉልታ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ከብት ይዞ የሚወጣ ውሻን በሩቅ ሌንስ ለማንሳት የሚስተካከለው የለም። ክረምት ላይ ግን ከአስፋልት አትውጡ። ጥቁሩ አፈር ጎማ ከያዘ በበሬ ነው የምትወጡት።

የኔ ምርጥ ቦታ ቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የፍጥነት መንገድ ቶሎ ይደረሳል። ከፍታው 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሌሊቱ ይለዝባል። ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ዙሪያቸው ገደል፣ ቋጥኝና ቁጥቋጦ ነው። ድንጋያማ ባሕር ዳር የሚናፍቀው ሰው እዚህ ይምጣ። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ውሃው ረግቶ ይተኛል፤ የማዶው ገደል ገና ጥላ ውስጥ ነው። አፋፉ ላይ ፀሐይ ያገኘችው ዳማ ውሻ ከዚያ ጥቁር ገደል ፊት ሲቆም የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ያበራል። ይህን ለማግኘት የመኪናው በር ወደ ሐይቁ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ፣ እንዲዞር አድርጋችሁ በምዕራቡ አፋፍ በኩል ቁሙ። ፀሐይ ከውሻው ጀርባ ትመጣለች።

እዚያ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ መኪናውን ከአፋፉ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ከሦስቱ አንዱ አይበቃም። ሁለተኛ በካሜራው እያያችሁ ወደ ኋላ አትራመዱ፤ ገደል ጫፍ ላይ ያለ ውሻንም አትጥሩ። ከተጠራ በደስታ ዘሎ ይዞራል፣ ድንጋዩ ደግሞ ልቅ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ ሎጅ ግቢ ውስጥ ካደራችሁ ለጥበቃው ጠዋት በር ከፍታችሁ እንደምታነሱ ማታውኑ ንገሩት። ከመስቀል በኋላ በሚውል እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ እሬቻ ስለሚከበር ከተማው በሕዝብ ይሞላል፤ በዚያ ሰሞን መኪና ይዛችሁ ለውሻ ፎቶ አትሂዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥቅምት ግን በጣም ጥሩ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ አየሩ ጠርቷል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው። አደይ አበባውን ለማግኘት የምትፈልጉ በመስከረም ውጡ፤ ጥቁር ውሻ ምረጡ። ዳማ ውሻ ቢጫ አበባ ውስጥ ይጠፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ አንድ ሌሊት፣ አንድ ግቢ፣ የዚያ ግቢ ውሾች ይበቋችኋል። ሳይመሽ ደርሳችሁ ከጥበቃው ጋር ሻይ ጠጡ፣ የውሾቹን ስም ጠይቁ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልካችሁ እንዲቀሰቅሳችሁ አድርጉ፣ በሩን በዝግታ አንሸራትቱት።